ከሰባተኛው ፎቅ

ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ በቶኪዮ ዳርቻ፣ ብርዱ በጠናበት፣
ሕንፃችን ጥላውን ያነጥፋል ቁልቁል፣ ዳይኮኑ ካለበት።
እኔ ሰባተኛው ፎቅ ላይ ነኝ፤
ይህ ጥላ የማን ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣
አንድ ክንዱ የኔ ነው፣ አልክድም፤
ከሰገነቱ የተሰጣ ብርድ ልብሴ ሳይታከልበት አይወድቅም።

ሰው «ጥላ ከለላ» ይላል፤
ጎመኑን ማን ጠይቆት ያውቃል?

ሐሙስ ሐሙስ ሣጥን ይመጣል፤ ለሃያ ስምንት ቤት ሃያ ስምንት ድርሻ፤
ዘሩ ሳይበተን ከፍለናል፣ ቢጎድል አብረን ልንጎድል፣ ተዋውለን ከእርሻ።
ዳይኮን፣ ክንድ የሚያህል ነጭ ሥር፣ አፈሩን እንደለበሰ፣
አንዳንዱ እግሩ ሁለት የሆነ፣ አንዳንዱ በትል የተቀመሰ።
ኢሳቡሮ በእርሳስ የጻፋት ብጣሽ ወረቀት ትገኛለች ከሥሩ፦
«ትሉ ቀድሞ ቀምሷል፤ አልሞተም። እናንተም አትፍሩ።»

መርዝ አይረጭም ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት አልረጨም።
ጎረቤቶቹ ሲሸጡ፣ ክሬኑ ከአናቱ በላይ ሲዞር፣
ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

በየካቲት ሞተ፤ የሽንኩርቱን ችግኝ ጭድ እንዳለበሰ።
አርባ ዘጠኝ ቀኑ ሳይሞላ የውርስ ግብሩ ደብዳቤ ደረሰ።

ግብር፦
በአንድ አፉ ድግስ ነው፣ ሰው የሚጠራበት፤
በሌላው ሒሳብ ነው፣ ሰው የሚነቀልበት።
ኢሳቡሮ የፊተኛውን ሲያበላን ኖረ፤
ለኋለኛው ግን መሬቱ በካሬ ተቆጠረ።

ልጁ ቺዙሩ ከኦሳካ መጣች፣ ጫማዋ ጭቃ አያውቅም፤
«ማረስ አልችልም» አለች፣ «መዋሸትም አልፈልግም።»

በማሸጊያው መጋዘን፣ በተደፉ ሣጥኖች ላይ፣ ተቀመጥን እስከ ሌሊት፤
ጥርስ ሐኪሟ፣ አውቶቡስ ነጂው ሚያኬ፣ ሁለት ጡረተኞች፣ እኔ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት።
ማስያው እጅ በእጅ ዞረ። እንደገና ዞረ። የሁላችን ጥሪት
ሲሶውን ገዛ።
ያውም የትኛውን ሲሶ? ርካሹን።
ጥላው የሚያርፍበትን። የኛኑ ሕንፃ ጥላ፣ ራሱን።

ፀሐያማው ሄደ። ጫፋቸው የቀላ ችካሎች ተተከሉበት፤
መስከረም ሳይጠባ አርባ መኪና ቆመበት።

ዳይኮን በጥላ አይወፍርም፤ ሞከርነው፣ እንደ አውራ ጣት ቀረ።
«ዝንጅብል ግን ጥላ ይወዳል» ብሎ
ሟቹ በአንዷ ብጣሽ ጽፎልን ነበረ፤
(ብጣሾቹን አልጣልኳቸውም፤ በብስኩት ቆርቆሮ አሉ።)
አሁን ሚያኬ ይቆፍራል፣ ከፈረቃው መልስ፣ ከነኮፍያው፤
መስመሩ ጠማማ ነው፣ አውቶቡስ እንደሚነዳ ሰው አይመስልም ላየው።
ሐሙስ ሣጥኑ ይመጣል። ቀሏል። ዝንጅብል ይሸታል ደረጃው።

እኔም ስምንት ሰዓት ሲሆን ብርድ ልብሴን ከሰገነቱ ብረት አነሳለሁ፤
ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ።
ዘጠኝ ፎቅ ሲሚንቶ፣ አንድ ብርድ ልብስ ቢነሳ አያጎድለውም።
ግን ቁልቁል ሳይ፣ ከጥላው ጠርዝ፣ አንድ ጋት ያህል…
ምናልባት። ከዚህ ሆኖ ሰው በደንብ አያይም።