ሁለት ቢያጆ ባሕር

ከቡራዩ ወዲያ፣ ገፈርሳ ሳይደርሱ፣
እስከ ቅንድባቸው አቧራ የለበሱ
ጠራቢዎች መሃል፣ ከመኪናው መንገድ ዳር፣
ድንጋይ ፍለጋ ወረድሁ፣ ግቢዬን ላጥር።

መቶ አርባ ካሬ ናት። ካርታዋ በኪሴ።
(ስንት ዓመት እንደቆጠብሁ አልነግርም ለራሴ።)

ኦቦ ጉርሜሳ ነው የክምሩ ጌታ።
አንዱን ጠፍጣፋ አንሥቶ በመዶሻው መታ፣
ጆሮውን አስጠጋ፤ ድምፁን አዳመጠ፣
«ይሄ አልታመመም» ብሎ ወደኔ ገለበጠ።

መልኩ የገብስ ቆሎ፣ ጠርዙ ላይ የቀላ፤
ጥቁር ድንጋይ ብቻ ላየ ሰው፣ ሌላ ገላ።
ከቆላ ነው አለኝ፣ ከሙገር ሸለቆ፣
ጥቁሩ ተራራ ሥር ስንት ዘመን ተደብቆ።

ከጆጉ ውኃ አፈሰሰበት።
«እይ።»

አየሁ። መስመር በመስመር ላይ፣ እጥፍጥፍ፣ ሽብሽብ፣
ነፋስ ሲነካው ገፈርሳ ፊቱ እንደሚሸበሸብ።
«አሸዋ ነበር፣ ለስላሳ። ውኃ ነው የረገጠው።
ሄደ ውኃው። እግሩን ተወው።»

ትምህርት ቤት የአገር ካርታ ስንቀባ
ቡኒው ነበር የሚያልቅ፣ ለደጋ፣ ለአምባ፤
ሰማያዊ እርሳሴ ሳያጥር ያልቅ ነበር ዓመቱ፤
መምህርት የዝባለምም አላሉን፣
ቡኒው ሥር መኖሩን የሰማያዊው መሠረቱ።

ቀና አልሁ። ወጨጫ ከዚያ፣ እንጦጦ ከማዶ፤
የአገሩ ባላባት ይመስሉኝ ነበር እስከ ዛሬ።
እንግዶች ናቸው ለካ፣ እሳት ይዘው መጥተው
በሰው አሸዋ ላይ ፍራሽ ያነጠፉ፣
ካርታ ሳያወጡ የቀሩ፣ እንደ ግማሹ ሰፈሬ።

ጉርሜሳ ግን ሥራ አለው። መሮውን እየሳለ
«ስንት ቢያጆ?» አለ።
«ሁለት።»
«ሽብሽቡ ወደ ቤት ይሁን፣ ወይስ ወደ መንገድ?»
ስለ ቁመት፣ ስለ ወሰን ማዘጋጃ ቤት ጠይቆኛል፤
የባሕር ፊት ወዴት ይዙር የሚል ግን
በመመሪያው የለም አንድ።

«ወደ መንገድ» አልሁት። ገንዘቡን ቆጠርሁ።
ደረሰኝ አልሰጠኝም።
በኢሱዙ ጋቢና፣ ሁለት ቢያጆ ባሕር አስከትዬ ገባሁ።

አሁን ክረምት ነው። አጥሩ ሲደርቅ ዝም ያለ ግንብ ነው፤
ዝናብ ሲያገኘው ብቻ ሽብሽቡን የሚያወጣው።
ትናንት ጎረቤቴ ወይዘሮ ገነሜ፣ ዣንጥላ ይዛ፣
ቆም ብላ አየችው፤ አየችኝ፣ በሐዘኔታ ፈዛ፦
«ምነው፣ ምን ዓይነት ግንበኛ ገጠመህ? እንዲህ አጎርብጦ!»

አላረምኋትም።
ውኃው በዚያ ጉርብጥብጥ ላይ ይወርድ ነበር፣ ቀስ ብሎ፣
የድሮ ቤቱን በር በጨለማ እንደሚዳስስ ሰው፣
መንገዱን ሳይጠይቅ፣ ከጥንት ቦዩ ገብቶ።