ቀይ እርሳስ

ሻርጃ፣ ሐምሌ መጨረሻ፤ ውጪው አርባ ሰባት፣
እዚህ ግን ብርድ ነው፣ ሹራብ ደርቤበት።
ወረቀት ሙቀት አይወድም፤ በዐሥራ ስምንት ዲግሪ
የሞተ ሰው ጽሑፍ ሌት ተቀን ተጧሪ።
እኛ ስምንት ሴቶች፣ ባንድ ክፍል አዳሪ፤
ማቀዝቀዣችን ከቆመ ሦስት ሳምንት አልፏል፤
"ኢንሻላህ ነገ" ይላል አሠሪው፤ ነገም ይደገማል።

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ሳጥኑን መክፈት፣
ቅጠሉን በጓንት ከመስታወት ማስተኛት፣
ክዳኑን መዝጋት፣ ብርሃኑ እስኪያልፍበት።
የሰውየው ስም ኦትማር ጊዘብራንት ነው።
ሳጥኖቹ አርባ ናቸው።
የልጅ ልጆቹ ሸጡት፤ ገዛው አንድ ባለጸጋ፣
ያማረ ቆዳ አይቶ፣ ሳያነብ፣ በጅምላ ዋጋ።

ጀርመንኛ አላውቅም።
ግን ሰው ከወረቀቱ ጨርሶ አይሸሸግም፤
የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የጥርስ ሐኪም ዕዳ፣
ለልጁ የሣለው ፍየል፣ ባርኔጣ ደፍቶ እንደ እንግዳ።
በፍየሉ ሳቅሁ፤ "ደግ አባት ነህ" አልኩት፤
አልዋሽም፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወደድኩት።

ሳጥን ሠላሳ አንድ፤ የጸሎት መጽሐፍ፣
በጣት ወዝ ያደፈ፣ የሳሳ የቅጠሉ ጫፍ።
በየገጹ መሐል አንድ ቃል ተሰርዟል፤
ቀይ እርሳስ፣ ጥልቅ መስመር፤ ወረቀቱ ተቀዷል።
ቀጥሎም ተሰርዟል፣ ከዚያም ቀጥሎም፤
አንድ እንኳ አላመለጠውም።

ሩላን ጠየቅኋት። ቤይሩቴ ናት፣ ወረቀት ጠጋኝ፤
ላይፕሲግ ተምራለች። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።
"የሰረዘው ቃል 'እስራኤል' ነው" አለችኝ።
"አምላኩን ይወዳል፤ ጸሎቱንም ይወዳል፤
አይሁድ የሌሉበት ሰማይ ግን ይፈልጋል።
ክርስቶስን ሳይቀር ጀርመን አድርጎታል፣
ከእናቱ ነጥሎ።
የቀረውን አታስነብቢኝ" አለች፣ ፊቷ ጠቁሮ ዋለ።

በጓንቱ ውስጥ ጣቴን በረደው።
የሩቅ አገር ደዌ፣ የሩቅ አገር ሰው
ነው ብዬ ልተወው ነበር።
ቀይ ቀለም ግን አውቃለሁ። እኛም ቤት ነበር።

አባቴ መሪጌታ፤ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣
ክታብ ይጽፍ ነበር፣ የመላእክት ዐይን አፍጥጦ፤
ጥቁሩ ለጸሎቱ፣ ቀዩ ለስም ነበር፤
ለሚጠራው ቅዱስ፣ ደግሞም ለሚባረር።

ከወንዙ ማዶ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ።
"ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ" እየተባለ ልጆች አደሩ።
እንስራቸውን ገዛን፤ ውኃው ጣመን፤
እጃቸውን ሳንነካ፣ ሳንቲሙን መሬት ጥለን።
ያልጋነሽ የምትባል ልጅ ነበረች፣ እኩያዬ፤
የጭቃ በሬ ሠርታ ሰጠችኝ፤ ነጥቃ ሰበረችው እማዬ።
አንድ ማለዳ ማዶ ጭስ የለም።
"ኢየሩሳሌም ሄዱ" ተባለ። መንደሩ ያዘነው
ለእንስራ ነው።

አባቴም ሰው ይወዳል። በትከሻው አዝሎ
ያንኑ ወንዝ አሻግሮኛል። ፍየል ባይሥልልኝም።

ክታቡ ከሻንጣዬ ኪስ ነው፣ ከፓስፖርቴ ፎቶኮፒ ጋር፤
ዋናው አሠሪዬ ዘንድ ነው፣ ከቁልፉ በስተጀርባ፣ ከካዝናው ሥር።
በአንገቴ ዐሥር ዓመት፣ በሻንጣ ሃያ፤ ተከፍቶ አያውቅም።
ዛሬ ማታ፣ ሩላ ስትወጣ፣
በወረቀት መቁረጫ ስፌቱን ፈታሁት፤ ቆዳው እንደ ቅርፊት ወጣ።
የአባቴ እጅ ጽሑፍ። ሲያምር! ቀዩ አልደበዘዘ።
ስሜ አለ፣ ወለተ ኪሮስ፤ ከሥሩ በዚያው ቀለም የተያዘ
የማዶው ሰፈር ስም፣ የያልጋነሽ ወገን ስም፤
"ከዐይናቸው አድናት" ይላል፣ ሦስት ጊዜ፣ ሳይደክም።

ጀርመንኛ አላውቅም።
ይህን ለማንበብ ግን ሩላን አልጠራም።

ከመስታወቱ አስተኛሁት። ክዳኑን ዘጋሁት።
ብርሃኑ አለፈ።
ማሽኑ "የሳጥን ቁጥር ያስገቡ" ብሎ ይጠብቃል፤
ከጣሪያው ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል።