ደረቅ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ነጭ ጨርቅ በክንዴ፣
በሐይቁ ዳር ሆቴል፣ ጎንበስ እንደ ልማዴ፣
«ከዓሣ ጋር ነጩ፣ ደረቁ ይሻላል»
ብዬ ስመሰክር፣ ምላሴ ምን ያውቃል?
ከወረቀት በቀር የትም ያላየሁት፣
ለስንቱ እንግዳ፣ ለስንቱ ነገርኩት!

የጡረታዬ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ
አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ፣ ከጓዳው አውጥቶ፤
ጀርመኑ መሐንዲስ ትቶት የሄደውን፣
አንገተ ረጅሙን፣ አረንጓዴውን።
(«አንተስ ትወደዋለህ?» ብሎኝ ነበር አንዴ፤
«እጅግ በጣም» አልኩት፣ ሳይሰቀጥጠው ሆዴ።)
አቋቋሙ ሲታይ ልክ እንደ አባ ኮዳ፣
ዳር ይዞ እሚጠብቅ የሰው ቤት እንግዳ።

ሚስቴ «ይሸጥ» አለች፤ ልጄ «ይቀመጥ»፤
እኔ ግን ማለዳ፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣
በፌስታል ጠቅልዬ አሞራ ገደል ወረድኩ፤
ከሰው ሁሉ መርጬ ሎሚቱ ጋ ሄድኩ።
ያን ሁሉ ዘመን ለሆቴሉ ዓሣ ያቀረበች፣
ከወጥ ቤቱ በር ግን አንድ ቀን ያላለፈች።

«ምንድን ነው?» አለችኝ፣ ቢላዋዋ ሳያርፍ፣
የቆሮሶ ቅርፊት ክንዷ ላይ ሲረግፍ።
«ደረቅ ወይን» አልኳት።
                    «ደረቅ? የቱ? የቱ?
ሲንቦጫረቅ ይሰማል እኮ እስከ አንገቱ!
ደረቅማ ባሌ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፤
አንዴ እምቢ ካለ ሽማግሌ አይመልሰው።»
«ስኳሩን በሙሉ እርሾ የጨረሰው፣
እሱ ነው ደረቁ» አልኩ፣ እንደ አዋቂ ሰው።
«ዳንጊሶ» አለችኝ፣ «ይሄ ያነበብከው ነው።
ቅመስና አውራ።»

በረዶው ሣጥን ውስጥ፣ ከአምባዛው ጎን፣ አስተኛሁት፤
መክፈቻው ከኪሴ አልወጣም ነበርና፣ ቡሹን ሳብኩት።
መጀመሪያ የመጣው ላምባ ነው፤ አዎ፣ ላምባ።
«ሸወዱህ» አለች፣ «ነዳጅ ነው፣ ለጀልባ!»
ቆየት ብሎ ግን፣ በሻይ ብርጭቆ ሲረጋ፣
ዝናብ የመታው ድንጋይ፣ ታቦር ላይ ሲነጋ፤
ከድንጋዩ ኋላ ያልበሰለ ኮክ፤
ከኮኩ ኋላ ሎሚ፣ የጥርስን ሥር የሚነካ።

ከጥብሱ ጀመርን። ዘይቱን ከላንቃ
ጠርጎ ወሰደልን፣ ምላስ እስኪነቃ።
ሾርባው ግን አኮረፈው፤ ትኩስና ቀዝቃዛ
አፍ ውስጥ ተጣሉ፣ ማንም ሳይገዛ።
ከጥሬው ቀጠልን፣ ዳጣ እየነከርን፤
ዳጣው እሳት ሆኖ፣ ወይኑ ላምባ ሆኖ፣ ነደድን።
በእንባ ተያየን።
«ይሄን ወረቀቱ አላለም» አልኳት።
«ወረቀት ዳጣ በልቶ ያውቃል?» አለች።

ከዚያ ቁርሷን ፈታች፣ በኮባ የጠቀለለችውን፤
ቡርሳሜ ነው፣ ቅቤ የጠገበ።
እንሰቱ ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ የወጣ፣
ወይኑ ጨለማ ጓዳ ከርሞ የመጣ፤
ሁለት ኮምጣጣ፣ በማይተዋወቅ አገር የተወለዱ፣
በአንድ ጉርሻ ተዛመዱ።
ወይኑ ቅቤውን ቆረጠው፤
ቅቤው የወይኑን ስለት አለዘበው።
እኔም ዝም። እሷም ዝም።
ሃያ ሁለት ዓመት «ከዓሣ ጋር» ሲል የኖረ አፌ
ቆጮ እንደያዘ ቆመ።

ሎሚቱ ብርጭቆዋን ቁልቁል አየችና፣
«ባሌም እንዲህ ነበር» አለች፤ «ቶሎ አይወደድም።
የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበራ፤
መጀመሪያ ላምባ ላምባ ይሸታል።»
ሌላ አልጨመረች። ደንበኛ መጣ፤ ሚዛኑን አነሳች።

ጠርሙሱ አሁንም እዚያው ነው፤
ጽሑፉ በውኃ ለቆ፣
ዘይት ታንቆረቁርበታለች።
አንጀት የሚጠብቀው አባ ኮዳ
አንገቱን አዙሮ ያየዋል፤
ዘመዱ ሳይመስለው አልቀረም።