የቀስቱ ደመና

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ በዋይት ደሴት ጫፍ፣
ነፋስ በሚገርፈው በነጩ ገደል አፋፍ፣
አራት ሽማግሌ፣ አንዲት ባልቴት ሆነን
የድሮውን ጓዳ የዛገ በር ገፍተን
እንገባለን፤
ሻይ አፍልተን፣ መነጽር ወልውለን፣
ትናንት የት እንዳለ እንፈልጋለን።

ባልቴቷ እኔ ነኝ። በሃያ አንድ ዓመቴ
ቁጥር ነበር ሥራዬ፣ እርሳስ ነበር ሀብቴ፤
የነዳጁን ክብደት፣ የግፊቱን መጠን
ስደምር፣ ስቀንስ፣ ሳልቆጥር ሰዓትን።
ስሜ በንድፉ ግርጌ የትም አልሰፈረ፤
ቁጥሬ ግን ሰማይ ነው፤ እዚያው ላይ ነው የቀረ።

ዛሬ አይቨር መጣ፣ ቼቨርተን፣ በያጁ፤
በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ በእጁ።
«ባለቤቴ» አለ፣ «ነፍሷን ይማርና፣
የጓሮውን በር ነፋስ ሲያላጋው አየችና
ይኼን አስደገፈችው፤ በሩም ጸጥ አለ፣ ተያዘ።»
ፈታሁት። ቫልቭ ነው፤ ጠርዙ የደነዘዘ።
የዚያ ሮኬት ጉሮሮ፣ ጥቁር ቀስት ያልነው፣
አርባ ዓመት የኖረው የበር ዘበኛ ሆኖ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፤
እኛ ግን አረስነው፣ እስከ ደመናው ድረስ፣
ከደመናም ወዲያ።
ንጉሡማ፣ ግምጃ ቤቱ፣ ለንደን ላይ ተቀምጦ
በሐምሌ አንድ ማለዳ ወጪያችንን ቆርጦ
«ይብቃ» አለ።
ማን ይከሰዋል? ማን ፍርድ ቤት ይውላል?
ሮኬቱ ግን ቀድሞ መርከብ ላይ ተጭኗል፤
ሄዷል አውስትራሊያ፣ ወደ ቀይ በረሃ፣
እሳቱ የማይጨስ፣ ትንፋሹ የውሃ።
ጥቅምት ላይ ተነሣ የተሰረዘው ቀስት፣
የሞት ፍርዱን ይዞ በኪሱ፣ ያለ ሥጋት፤
ሳተላይቱን ከአየር በላይ አደረሰው።
ያን ቀን እዚህ ደሴት ላይ ያለቀሰው ሰው
በደስታ ይሁን በኀዘን፣ አልጠየቅንም፤
የስንብት ደብዳቤ ደርሶን ነበር፤ ኬኩ ግን አልቀረም።

እኔ የማልረሳው ከዚያ በፊት ያለ ቀን ነው፦
ሞተሩን እዚሁ ገደል አስረን ስንሞክረው
እንፋሎቱ ወጣ፣ ባሕሩን ሸፈነ፣
ፀሐይ ወጋችውና ባለ ቀለም ሆነ።
አይቨር ጭንብሉን ገልጦ ቆመ፣ ዝም አለና፤
ከታች የታሰረ ቀስት፣ ከላይ ቀስተ ደመና።

አሁን መዝገቡን ገልጬ በእርሳስ እጽፋለሁ፦
«ቫልቭ። አንድ። ሰጪው አይቨር።» ቀኑን አክላለሁ።
ምን ሠራ ለሚለው ቦታው ጠባብ ነው፤
«ሰማይ» ብዬ ጀምሬ፣ «በር» ብዬ ጨረስኩት።

ሳተላይቱ ዛሬም ይዞራል፣ አይናገር፣ አይሰማ፣
ከዚህ ገደል በላይ፣ ከለንደንም ከተማ፤
ቆራጩም፣ የተቆረጠበትም፣ ከሱ እኩል ታች ነን።

«እሺ» አለ አይቨር ሲወጣ፣ ኮቱን እየቆለፈ፣ «በሬንስ ማን ይያዘው?»
ከጓሮ ጡብ አንሥቼ ሰጠሁት፤ ቁጥር የሌለው።