የጭስ አውጫጭኝ

ሰኔ ነው። ኮያይኬ፣ የቺሊ ደቡብ ዳር፣
ተራራ የከበባት፣ ሰማይ የሚያጥራት አገር።
ሌሊቱን ነፋስ የለም፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ
ከጣሪያ በላይ ያድራል እግሩን ዘርግቶ።
ተማሪው ሲነጋ፣ ጓንቱን አፉ ላይ ይዞ፣
ከቤቱ እስከ ደወሉ ስድስት ሳል ተጉዞ።

ሶይላ ጣሪያ ላይ ናት።
ከፓምፑ ጉሮሮ ወረቀቱን ነቀለች፤
ትናንት ነጭ የነበር፣ ዛሬ ጥላሸት፤
በወረንጦ ይዛ፣ ሳትተነፍስበት፣
ቀኑን ጻፈችበት፣ በብልቃጥ አሸገች፤
“የከተማው ሳንባ፣ መዳፍ የምታህል” አለች።

ባለፈው ማክሰኞ በማዘጋጃው አዳራሽ
አውጫጭኝ ነበረ። ከሳሽ ሞልቶ ተርፎ፣ የታጣው ተከሳሽ።
“ናፍጣ ነው” አለ አንዱ፣ “የአውቶቡሶች ነገር!”
“እሳተ ገሞራው ነው፤ የሃድሰን አመድ ሲበር!”
“ከድንበር ማዶ ነው፣ ከአርጀንቲና ሜዳ!”
ሁሉም ጣት ቀሰረ ወዳልመጣ እንግዳ።
የራሱን ጭስ ማውጫ በስሙ የጠራ
አንድ ሰው አልነበር ከዚያ ሁሉ ጭፍራ።

ድሮ፣ በእኛ በኩል፣ እንዲህ ነገር ሲጠፋ
ሌባሻይ ይጠራል። ልጁ መድኃኒቱን ጨልጦ፣ አረፋ
ደፍቆ፣ በመቀነት ታስሮ እየተጎተተ፣
የሰፈሩን ደጃፍ አንድ ባንድ አሸተተ፤
የወደቀበት በር፣ የተኛበት መደብ፣
ባለቤቱ ሌባ ነው፤ ዳኛ ፊት ይቅረብ።
ስንት ንጹሕ ከሰረ በሰከረ ልጅ እግር!
ሶይላ ይህን አታውቅም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ከእሷ ሥራ ጋር
ሳስተያየው ጊዜ።

የሷ ሌባሻይ ኮምፒውተር ነው፤ መድኃኒቱ ቁጥር፦
የነፋሱ ፍጥነት፣ የብርዱ ልክ፣ የጭጋጉ ከፍታ፣ የተራራው ድንበር።
አሥር ሺህ ብናኞች ከጣሪያው ለቀቀችለት፣
ጊዜን እንደ ጓንት ገልብጣ፦ “ሂድ ወደ መጣህበት!”

ነፋሱም በገዛ ዱካው ተመለሰ፤
ከንጋት ወደ ማታ፣ ኋሊት ገሰገሰ፤
መናኸሪያውን አልፎ፣ ድንበር ሳይጥስ፣
ሃድሰንን ዘወር ብሎ ሳያይ፣ ሳይደርስ፣
ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣ ከዳገቱ ሰፈር፣
ከቆርቆሮ ቤቶች ተደፋ በግንባር።
(ጥቂቱ ግን በየመንገዱ ተንጠባጥቦ ነበር።)

ወረቀቱም ሲጠየቅ ሌላ ምስክር ቆጠረ፦
እንጨት ሲነድ እንጂ በሌላ ያልተፈጠረ
አንድ ዓይነት ስኳር አለ፤ ናፍጣ የማይወልደው፣
እሳተ ገሞራ የማያውቀው፣ ምላስ ያልቀመሰው።
“ከመቶው ስድሳ፣ ምናልባት ሰማንያ” አለ ሞዴሉ፤
“ከዚህ አልፌ አልምልም።”
ሌባሻይ እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር በዘመኑ ሁሉ።

ካርታውን አጥፋ፣ ከካፖርቷ ኪስ ከትታ፣
ዳገቱን ወጣች። ዶኛ ፍሬሲያ በሯን ገርበብ አድርጋ ከፍታ፣
“ግቢ፣ ብርዱ ሳይቀድምሽ” አለች።
እርጥብ የሌንጋ ጉማጅ ምድጃው ውስጥ ጣለች።
ጉማጁ አረፋ ደፈቀ።
“ደረቁ ዋጋው እጥፍ ነው። የምችለው ይሄን ነው።
ብርዱ ቶሎ ይገድላል፣ ልጄ። ጭሱ ቀስ ይላል።”

ካርታው ተዘረጋ ከጠረጴዛው ላይ።
አሮጊቷ መነጽሯን በቀሚሷ ጠረገች ለማየት፦
“የኔ ቤት የቱ ነው?”
“ይኸው።”
“ቀይ ነው?”
“ቀይ ነው።”
“ያንቺስ?”

የሶይላ ጣት ወንዙን ተሻገረ፣ ዘገየ፣
ከአንዲት ጥግ ላይ ቆመ።
ብርቱካን። ወደ ቀይ ያደላ።
ሁለቱም ዝም አሉ፤ ሶይላ ጓንቷን አወለቀች፣
እጇን ወደ እሳቱ አስጠጋች።

ማታ አዲስ ወረቀት፣ ነጭ፣ ከፓምፑ አፍ ሰካች።
ከመሰላሉ ወረደች። ቤቷ ገባች።
ብርድ ነው።
ክብሪት ጫረች።