አዋሳኞች

ውሉ እንዲህ ይጀምራል፣ በእስክሪብቶ ተጽፎ፣
በሦስት ሽማግሌ አውራ ጣት፣ በቀለም ተደግፎ፦
«በምሥራቅ የአሻ ኢብሮ የማሽላ ማሳ፣
በምዕራብ የጋሪ መንገድ፣ አቧራው የሚነሳ፣
በደቡብ የቁልቋል አጥር፣ ዕድሜው የማይታወቅ፣
በሰሜን ወንዝ።» ወንዝ ይሉታል፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ።
ፍየል ይተኛበታል፣ ልጅ ኳስ ይለጋበታል፤
እኔም አይቼው ሳቅሁ፤ «ወንዝ» መባሉ ያስቃል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታይዋን ሽርጥ ሸጫለሁ፤
ከሰው ሜትር አልሰረቅሁም፣ ግን ክንዴን አውቃለሁ።
እናም መልካ ጀብዱ ላይ የፓርኩ አጥር ሲዘረጋ፣
«ይህ ሁሉ ሠራተኛ የት ያድራል?» ስል ነጋ።
ሌሊቱን በካልኩሌተር አሥር ክፍል ሠራሁ፣
ምስማር ሳልገዛ ቆርቆሮ መታሁ፣
ኪራይ ተቀበልኩ፣ ያልከፈለውን ተቆጣሁ፣
ጠዋት በባጃጅ ወደ ሙሜ አልዬ መጣሁ።

ሙሜ ብሩን አልቆጠረም፣ በሽርጡ ቋጠረ
(ከኔ የገዛው ሽርጥ ነው)፣ ቀስ ብሎም ተናገረ፦
«መሬቱን ነው የሸጥኩት፤ ማንጎዋን አይደለም።»
«ትሁን» አልኩ፣ ሳቅሁ፤ ለአንድ ዛፍ ሙግት የለም።
«ፍሬው መሬቴ ላይ ከወደቀስ?» አልኩት።
«ያኔ እንነጋገራለን።»

ብሩ ባጃጅ ሆነ፤ ባጃጁም ለልጁ፤
ልጁ ባጃጁን ሸጦ ቦሳሶ ገባ ከነወዳጁ።
በዓመቱ ሙሜ መጣ፣ ዱላውን እንደያዘ፤
«ዘበኛ ትፈልጊያለሽ?» ሲል አፌ ደነዘዘ።
የራሱን ግቢ ሊጠብቅልኝ፣ በወር ደመወዝ፣
በባትሪ እየዞረ፣ ከቁልቋሉ እስከ ወንዝ።

ሰባት ልጆች ተከራዩ፣ ከስፌት ክፍል ሁሉም፤
እሑድ ፀጉር ሲሠራሩ ሳቃቸው አይቆምም።
ከዚያ «ትዕዛዝ የለም» ተባለ። «ጠብቁ» ተባለ።
አንዷ ሻንጣዋን አነሣች። የሌላዋ መስታወት ብቻ ቀረ፣
ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ።
የቆየችው ኢፍቱ ናት። በር ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣
ለከባድ መኪና ሾፌር ትሸጣለች፤ ግማሽ ኪራይ ትከፍላለች፤
ግማሹን «ነገ» ትላለች።

ነሐሴ ነበር። እኛ ጋ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ።
ጋራው ላይ ግን አንድ ነገር ሲጎተት፣ ሲሰበሰብ…
እኔ ተኝቻለሁ። ሙሜ ነው የሰማ።
በሬን በዱላው መታ፤ «ተነሺ!» አለ በጨለማ።
ኢፍቱን በክንዷ፣ እኔን በባዶ እግሬ፣
ማንጎዋ ሥር አወጣን፤ ቁልፌ ቀረ ከበሬ።
በዚያች ሌሊት አዋሳኜ ተነሣ ከሥፍራው፣
ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ሦስት ክፍል ይዞ ሄደ ከነጣሪያው።

ጠዋት አሸዋው እስከ መስኮት።
የልጅቷ መስታወት ስባሪ አሻ ማሽላ ውስጥ ያበራል።
ቁጣዬ ማረፊያ ፈለገ፤ ከሙሜ ሌላ ማን አለ?
«ስትሸጥልኝ ለምን አልነገርከኝም?»
በመፋቂያው ጥርሱን እየፋቀ ዝም አለ።
ከዚያ፣ «ነግሬሻለሁ» አለ። «በሰሜን ወንዝ ብዬ አስጽፌያለሁ።
ማንበብ የማልችለው እኔ ነኝ።»

በሦስተኛው ቀን ሲኖትራክ ቆመ። ሾፌሩ አሸዋውን በእፍኙ ዘገነ፣
«ንጹሕ ነው» ብሎ ዋጋ ጠራ። ዐይኔ ካልኩሌተር ሆነ።
ሙሜ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ፦ «አሸዋው በውሉ የለም።
ወንዙ ያመጣው ነው፤ ወንዙን ደግሞ እኔ አልሸጥኩም።»

እስከ አሱር ተከራከርን። ሲሶ አልኩ፤ እኩል አለ።
ኢፍቱ ሳምቡሳ አቀረበች፣ በሁለታችንም ስም ዱቤ ጻፈች።
ሾፌሩ ሰልችቶት ሞተር አስነሣ፣ መልሶም አጠፋ።
ፀሐይ ስትገፋን ከማንጎዋ ጥላ ጋር
ትንሽ በትንሽ ወደ ምሥራቅ ተሳብን፣
ጥላው የአሻ ኢብሮን ድንበር እስኪሻገር ድረስ።
እሱ የማን እንደሆነ
እስካሁን አልተጻፈም።