አሥራ ሁለት ቤት

ጊታሯን ያገኘኋት ከመያዣ ሱቅ ነው፣ በሰባ ዶላር፣
አንገቷ ላይ ስም ነበር በሚስማር የተጫረ፣
መጀመሪያው ብቻ የቀረ፤
ባለሱቁን ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ፣
እኔም ጠይቄ አልገፋሁ።

ቶሊዶ ኅዳር ላይ ናት፤ ወንዙ ጥርሱን ነክሷል፣
መስታወት የጫነ ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል፣
የኔም መስኮት አብሮ ያንጎራጉራል፣
ያው፣ ዘመድ ከዘመዱ።

ቀን የከተማ አውቶቡስ ፍሬን እጠግናለሁ፣
ማታ የእጄን ግራሶ በላምባ አጥቤ
አልጋዬ ጠርዝ ላይ ከመጽሐፍ እለማመዳለሁ፦
አምስተኛ ክር፣ ሦስተኛ ፍሬት፣ ነጥብ በነጥብ።
ልክ ነው ሁሉም። ግን ልክ የሆነ ነገር እንደ ደረሰኝ ነው፣
ደረሰኝ ደግሞ ማን ሁለቴ ያነባል?

ከበታቼ ወይዘሮ ቬልማ ኦድሪክ ይኖራሉ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የጠርሙስ ፋብሪካ፣
አሁን አንድ ጊታር፣ አንዲት ድመት፣ አንድ የማይታጠፍ ጣት፤
ጣቱ ላይ የጠርሙስ አንገት ያጠልቃሉ፣ ራሳቸው የቆረጡትን።
እሳቸው ሲጀምሩ ወለሉ አፍ ያወጣል፣
እኔ ምንጣፉ ላይ ተኝቼ ጆሮዬን አስይዛለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ተራዬን ስለማመድ፣
ከታች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት፦ ጧ!
አፈርኩ። ጊታሯን ወደ ሣጥኗ መለስኩ።
በማግስቱ እንደ ሌባ በቀስታ ጀመርኩ፣
ጧ! ቆይቶም፣ ጧ!
እንዲያ እያልን ሳምንቱ አለቀ።
ይቅርታ ልጠይቅ ደረጃውን ወረድኩ፣ ብርቱካን በወረቀት ከረጢት ይዤ።
«ለምኑ ነው?» አሉ።
«ስለ ጫጫታው።»
ሳቁ፣ በሩን እስኪደገፉ።
«ዝም በል ያልኩህ መሰለህ? እግርህ የት እንዳለ ልነግርህ ነው እንጂ!
ሁለትና አራት ላይ። አንተ አንድና ሦስት ላይ ትረግጣለህ፣
እንደ ወታደር። ወታደር ብሉዝ ሲጫወት አላየሁም።»

ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ፣ መንገዱን በጠርሙሱ ጣት እያሳዩ፦
«አሥራ ሁለት ቤት ነው።
አራቱን በራስህ ደጅ እለፍ፣ አትቸኩል፤
ሁለቱ የአማትህ ሰፈር ነው፣ ትንሽ ሽቅብ ይላል፤
ሁለቱን ተመልሰህ በርህን እይ፤
አንዱ አፋፉ፣ አንዱ ቁልቁለቱ፣
በሁለቱ ቤትህ ትገባለህ።
መንገዱን ድመቷም ታውቀዋለች።
መንገድ ላይ ማን አገኘህ? ወሬው እሱ ነው።»

መጽሐፉን አልጋ ሥር ገፋሁት።
ጋራዥ ውስጥ ሌስተር የዛገ ብሎን ሲፈታ ያቃስታል፣
መጨረሻዋ ላይ ድምፁ ይጎብጣል፤
ያችን ጉብጠት በሦስተኛው ክር ፈለግኳት፣
ስገፋት ወይ አነሰች፣ ወይ አለፈች፤
በኖታና በኖታ መካከል ስም ያልወጣለት ስፍራ አለ፣
ጣት ተልጦ፣ ደርቆ፣ ዳግም ካልተላጠ አያስገባም።

ደገምኩት፣ ሰለስኩት፣ ጣቴ እስኪያብጥ ድረስ፣
ያው ያችን አንድ ቃል ሳነሣ፣ ስመልስ፤
እሳቸው ሲሄዱ ከኋላ ስከተል፣
ሲያዘግሙ ሳዘግም፣ ሲቸኩሉ ስቸኩል።
«ያልኩትን መልሰህ አንተው ለኔ አልከኝ፣
ገደል ማሚቶማ እኔም ጓዳ አለኝ።»

የካቲት፣ አንድ ሌሊት፣
አራት ቤት ተጫወቱና አቆሙ።
ይቀጥላሉ ብዬ ጠበቅኩ።
ባቡሩ መጣ፣ አለፈ።
ከታች፣ አንዴ፦ ጧ።

የማውቀው ሁሉ ከጣቴ በኖ ጠፋ፣
አንዲት ኖታ ብቻ ዘግይታ፣ ትንሽ ተጣማ፣
በረዶዋን ደጃፍ ላይ እያራገፈች ገባች፤
ከማንም አልሰረቅኳትም፣
የሌስተር ማቃሰት ግን ነበረባት፣ የመስኮቴም፣
ከፊሏ ስህተት፣ ከፊሏን አላውቃትም።
እስክትደክም ተውኳት።
ሌላ አልጨመርኩባትም፣ ፈርቼ ይሁን ጠግቤ።

ከታች ብዙ ጊዜ ምንም የለም።
ድመቷ አንድ ነገር ጣለች፣ ቆርቆሮ መሰለኝ።
ከዚያ እንጨቱ፣ በቀስታ፣
ሁለት ላይ፣

አራት ላይ።